ሌባው ስም ሲያጣ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ የሚያገኛቸው ከተሞች ስም የሳምንቱን ቀናት ያስታውሰዋል። ሰንበቴ አለች። ጨፋ ሮቢት አለች። ከሚሴ አለች። በኦሮምኛ ረቡዕ ሮቢ፣ ሐሙስ ከሚሳ ይባላል። ሰው እዚህ አካባቢ የተሰባሰበው ለመሸጥና ለመግዛት እንደሆነ ስሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ። የሰንበቴ የእሁድ ገበያና የባቲ የሰኞ ገበያ እስከ ዛሬ ድረስ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ አፋሩንና አርጎባውን በአንድ ሜዳ የሚያገናኙ ስመ ጥር ገበያዎች ናቸው። በበጋ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ ሜዳ ከሩቅ የመጡ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ የሚኖረው በመተማመን ነው። አርጎባው ለአማራው በዱቤ ይሰጣል፣ አፋሩ የኦሮሞውን ደላላ አምኖ ግመሉን ያስረክባል። ይህን መተማመን የሚያፈርሰው ሁልጊዜ ጥይት አይደለም። ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፤ ከሱቅ የጠፋ ስልክ፣ የሐሰት ብር፣ ያልገባ የባንክ ዝውውር፣ ከገበያ የተሰረቀች ፍየል። ትንሽ የሚባለው ወንጀል መልስ ሲያጣ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

በአርጡማ ፉርሲ ወረዳ በምትገኘው ጨፋ ሮቢት አንዲት የሱቅ ባለቤት አለች እንበል። በገበያ ቀን ሱቋ በሰው ተጨናንቋል። አንድ ወጣት ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ገዝቶ "በባንክ ልኬልሻለሁ" ይልና የስልኩን ስክሪን ያሳያታል። የተላከው ገንዘብ መጠን፣ ስሟ፣ ቀኑ፣ ሁሉም ይታያል። ሰው እየጠበቃት ስለሆነ ዕቃውን ታስረክባለች። ማታ ሒሳብ ስትሠራ ገንዘቡ አልገባም። ያየችው ምስል የተቀነባበረ ነበር።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተከተለ ወዲህ በየገጠር ከተማው ያለ ሱቅ በስልክ ክፍያ መቀበል ለምዷል። ነዳጅ እንኳ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተደርጓል። ክፍያው ሲዘምን ማታለሉም አብሮ ዘመነ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሱ የብር ኖት ይፋ ሲሆን፣ ባለ 200 ብሩም ሲጨመር፣ አንዱ ዓላማ የሐሰት ገንዘብን መከላከል ነበር። ከብት ሸጦ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ብር የሚቆጥር ገበሬ ግን ኖቱን በብርሃን ፊት አንስቶ የሚመረምርበት ጊዜም ልምድም የለውም።

ወደ ባለሱቋ እንመለስ። ፖሊስ ጋ ትሄዳለች? ብዙዎች አይሄዱም። "ለሁለት ሺህ ብር ስል ሦስት ቀን ሱቄን አልዘጋም" ይላሉ። "ማንን ብዬ ነው የምከሰው?" ይላሉ። የሄዱትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት መልስ "ሰውየውን ታውቂዋለሽ?" የሚል ነው። አላውቀውም ካለች ጉዳዩ በቃል ተነግሮ በቃል ይቀራል። ቁጥር አይሰጠውም፣ መዝገብ አይከፈትለትም። እሷም ወደ ሱቋ ትመለሳለች።

ትልቁ ጉዳት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለሱቋ የደረሰባትን ለጎረቤቷ ትናገራለች። ጎረቤቷ "ከየት ነው የመጣው?" ብላ ትጠይቃለች። "አነጋገሩ የእነ እገሌን ይመስላል" ትላለች። በማግስቱ ወሬው ሰፈር ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን አታላዩ አንድ ወጣት መሆኑ ቀርቷል፤ "እነሱ" ሆኗል። ስሙ ያልታወቀ ሌባ በስሙ ፋንታ የብሔር፣ የሃይማኖት ወይም የቀበሌ ስም ይሰጠዋል።

ይህ በሌላ ቦታ ተራ ሐሜት ሊሆን ይችላል። በዚህ መስመር ግን ተራ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አጎራባች ወረዳዎች የተቀሰቀሰው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል፣ አጣዬን አቃጥሏል፣ እልፍ ሰው አፈናቅሏል። በዚያው ዓመት ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ወሎና ሰሜን ሸዋ ሲዘልቅ ሱቆች፣ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ። ከሚሴም በዚያ ጊዜ ለሳምንታት በታጣቂዎች እጅ ነበረች። ማን ምን እንደወሰደ በስም ተለይቶ የተመለሰለት ነጋዴ ስንት ነው? ያልተመዘገበው ሁሉ "እነሱ ዘረፉን" በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ በልብ ተቀምጧል። "እነሱ" የሚባለው ደግሞ እንደ ተናጋሪው ይለያያል።

ስለዚህ በጨፋ ሮቢት ዓይነት ከተማ የሱቅ ስርቆትንና ማታለልን መከላከል የንግድ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጥፋትን ከቡድን ላይ አንስቶ በአጥፊው ግለሰብ ላይ ማሳረፍ የሰላም ሥራ ነው። ይህን ሥራ ለመጀመር ደግሞ አዲስ መኪናም ሆነ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አቤቱታን መጻፍ ነው።

ጥፋትን በጋራ ማሸከም በአገሪቱ አዲስ አይደለም። ድሮ ስርቆት ሲፈጸምና ሌባው ሲጠፋ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ይቀመጣል። የቀረ ይቀጣል። ሌባው ካልወጣ አገሬው አዋጥቶ ለተሰረቀው ይከፍላል። ሌባ ሻይ የሚባለውም ነበር፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሌባ ሻይ በኋላ ታገደ። አፈርሳታም ቢሆን ፖሊስና ፍርድ ቤት ባልነበረበት ዘመን ጠቃሚ ጎን ነበረው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ንብረት ኃላፊነት እንዲሰማው ያደርግ ነበር። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። ያልሰረቀው ከሰረቀው እኩል ይከፍላል።

ዘመናዊው ሕግ የመጣው ይህን ለመለወጥ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበለት አካል ቃሉን በጽሑፍ እንዲያሰፍር፣ ቀን እንዲጻፍበትና አቅራቢው እንዲፈርምበት ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ስርቆትን፣ አንቀጽ 692 አታላይነትን ይደነግጋል። የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ የሚገዛና የሚደብቅም ራሱን ችሎ ይቀጣል። በኮምፒውተርና በስልክ መረብ ለሚፈጸም ማታለል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል። እነዚህ ሁሉ ድንጋጌዎች የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ነው። በየትኛውም አንቀጽ "እነሱ" የሚል ተከሳሽ የለም።

መዝገብ ምን ሊሠራ እንደሚችል አገሪቱ በቅርቡ አይታለች። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ተፈጥሮ በአንድ ሌሊት ብዙ ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ ወጪ አደረጉ፣ አዘዋወሩ። ባንኩ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጸ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወሬው ሁሉ "ተማሪዎቹ" የሚል ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች በጅምላ ተወቀሱ። ነገር ግን እያንዳንዱ ዝውውር ስምና ሰዓት ነበረው። ባንኩ ያልመለሱትን በስም ለይቶ ጠየቀ፣ ዝርዝርም ለጠፈ፤ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ስምን በአደባባይ መለጠፉ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ዋናው ትምህርት ግን መዝገብ ስለነበረ ጥያቄው ከ"ተማሪዎች" ወርዶ ወደ እገሌና እገሊት መሄዱ ነው። ያልነካ ተማሪ ነፃ ወጣ።

"ትንሽ ነው" ብሎ መተውስ ምን ያመጣል? የእንግሊዝ ልምድ ለዚህ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሕግ እንግሊዝና ዌልስ ከ200 ፓውንድ በታች የሆነ የሱቅ ስርቆት በቀላል ሥርዓት ብቻ እንዲታይ አደረጉ። ዓላማው የፍርድ ቤቶችን ጫና ማቃለል ነበር። ባለሱቆች ግን ሕጉን የተረዱት በሌላ መንገድ ነው፤ ፖሊስ ከዚያ በታች ላለው አይመጣም ብለው አመለከቱ። ብዙዎች ማመልከት ተዉ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ መንግሥት ያንኑ ድንጋጌ የሚሽር ረቂቅ ለፓርላማ አቀረበ። ካሜራ በየጥጉ ባለበት አገር እንኳ ትንሹን ስርቆት ያሳነሰ መንግሥት መልሶ ለማንሳት ተገዷል። ካሜራ በሌለበት፣ ምስክር ሁሉ ዘመድ ወይም ባላንጣ በሆነበት ትንሽ ከተማ ደግሞ ዋጋው ይበዛል።

እርግጥ ነው፣ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊታለፉም አይገባም።

የመጀመሪያው የፖሊስ አቅም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ፖሊስን ከመደበኛ ሥራው አውጥቶ ወደ ፀጥታ ሥራ ወስዶታል። የራሱን ጣቢያ መጠበቅ የሚያሳስበው ፖሊስ የሳሙናና የዘይት አቤቱታ ጻፍ ሲባል ሊከፋው ይችላል። ይህ እውነት ነው። ግን አንድ ገጽ መጻፍ አንድ ሻለቃ ጦር አይጠይቅም። እንዲያውም የሰው ኃይል ሲያንስ የተጻፈ መረጃ ይበልጥ ያስፈልጋል። አሥር ባለሱቆች በአንድ ወር ውስጥ ያቀረቡት ተመሳሳይ አቤቱታ በመዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ አሥር ሌባ ሳይሆን አንድ ሰው ወይም አንድ ስልክ ቁጥር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በቃል ከቀረ ግን አሥር ወሬ ነው።

ሁለተኛው ሽማግሌ አለን የሚለው ነው። በወሎ አበጋሮች ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይለዩ ደም ያደርቃሉ፣ ቂም ይሽራሉ። ይህን ማንም ፖሊስ አይተካውም። ነገር ግን ሽምግልና በባሕሪው ወገንን ከወገን ያስታርቃል፤ ካሳውም ብዙ ጊዜ ከዘመድ ይዋጣል። በሁለት ቤተሰብ መካከል ለተፈጠረ ደም ይህ ጥበብ ነው። ከሩቅ መጥቶ ሦስት ሱቅ አታልሎ ለሄደ ሰው ግን ዘመዱን ማስከፈል አፈርሳታን መመለስ ነው። ቅደም ተከተሉ ይስተካከል፤ አጥፊው መጀመሪያ በስሙ ይታወቅ፣ እርቁ ከዚያ ይከተል። አበጋሩም ማንን እንደሚያስታርቅ አውቆ ይቀመጣል።

ሦስተኛው መዝገብ ራሱ መሣሪያ ይሆናል የሚለው ስጋት ነው። ተቀናቃኝ ነጋዴን በሐሰት ማስመዝገብ፣ መዝገብ ከፍቶ "ልዝጋልህ" እያሉ ገንዘብ መጠየቅ ያለ ነገር ነው። ይህም እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን አለመጻፍ አይደለም። ቁጥር ያለው፣ ቅጂው ለአመልካቹ የተሰጠ፣ የዐቃቤ ሕግ ዓይን የሚያየው መዝገብ ከማይታይ መዝገብ ይልቅ ለጉቦ ያስቸግራል። ማንኛውም ተጠርጣሪ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ነው የሚለው የሕገ መንግሥቱ ቃልም የሚሠራው በተጻፈ ጉዳይ ላይ ነው። በወሬ የተከሰሰ ሰው የት ሄዶ ይከላከላል?

ሚዛኑ ወደ ነጋዴው ብቻ እንዳያደላም ያስፈልጋል። ሚዛን የሚያጎድል፣ በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል፣ ጊዜው ያለፈበትን የሚሸጥ ነጋዴም አታላይ ነው። ከገጠር የመጣች እናት "ተታለልኩ" ስትል አቤቱታዋ እንደ ባለሱቋ እኩል ካልተጻፈ ፖሊስ የነጋዴ ዘበኛ ነው የሚል ቅሬታ ይወለዳል። ያም ቅሬታ ነገ "የእነሱ ሱቅ" የሚል ስም ይወጣለታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚከተሉት በዞኑና በወረዳው አቅም ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ ማንኛውም የስርቆትና የማታለል አቤቱታ፣ ተጠርጣሪው ባይታወቅም፣ መጠኑ ቢያንስም፣ ይጻፍ። ቁጥር ይሰጠው። ቅጂ ለአመልካቹ ይሰጥ። "ሰውየውን ታውቂዋለሽ?" የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው ጥያቄ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በአመልካቹ ቋንቋ ይሁን። የብሔረሰብ ዞኑ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የክልሉ አማርኛ ነው፤ ገበያው ደግሞ አፋርኛም ይናገራል። ቃሉን በማይገባው ቋንቋ የፈረመ ሰው ነገ ቃሉን ሊክድ ይችላል፣ ሊጠረጥርም ይችላል። በአስተርጓሚም ቢሆን ተነቦለት የፈረመው ግን የራሱ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ፖሊስ ወደ ገበያው ይምጣ። ክልሉ ባለፉት ዓመታት በየቀበሌው የማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ሲያደራጅ ሐሳቡ ይኸው ነበር። በገበያ ቀን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ደብተርና አንድ ፖሊስ ከቀበሌው ሰው ጋር ቢቀመጥ ሱቅ ዘግቶ ጣቢያ መመላለስ ይቀራል። የሐሰት ብር የደረሰው ገበሬም ለሌላ ሰው ሳያሻግረው በፊት የሚያሳየው ሰው ያገኛል። የሐሰት መሆኑን አውቆ መልሶ ማስተላለፍ ራሱ ወንጀል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

አራተኛ፣ ገዢው ይጠየቅ። ስልክ የሚሰረቀው የሚገዛው ስላለ ነው። ያገለገለ ስልክና ዕቃ የሚገዙ ሱቆች፣ የከብት ደላሎችም፣ የሻጩን ስምና መታወቂያ የሚጽፉበት ደብተር ይኑራቸው። ከብት በዋስ መግዛት የአካባቢው የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱ ወደ ስልክና ወደ ሞተር ሳይክል ይስፋ። ፋይዳ መታወቂያ እየተስፋፋ ባለበት ጊዜ ይህ ከባድ አይደለም።

አምስተኛ፣ የስልክ ክፍያ ማታለልን በተመለከተ ባለሱቆች አንድ ነገር ብቻ ይልመዱ፤ የገዢውን ስልክ አይመልከቱ፣ የራሳቸውን ሒሳብ ይመልከቱ። ከተታለሉም ስልክ ቁጥሩን፣ የግብይት ቁጥሩንና ሰዓቱን ወዲያው ይጻፉ። አታላዩ ሌላ ከተማ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል የወረዳ ፖሊስ ብቻውን አይደርስበትም፤ ዞኑ ከባንኮችና ከቴሌኮም ድርጅቶች ጋር በሕጋዊ መንገድ የሚጻጻፍ አንድ የተወሰነ ባለሙያ ይመድብ።

ስድስተኛ፣ ውጤቱ ይነገር። "በዚህ ወር ይህን ያህል አቤቱታ ተጻፈ፣ ይህን ያህሉ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ይህን ያህሉ አልተገኘም" የሚል ወረቀት በቀበሌው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ሕዝቡ ፖሊሱን ለመመዘን ይችላል። በወረቀቱ ላይ የማንም ብሔርና ሃይማኖት አይጻፍ።

"ሌባ ተይዞ ዱላ ፍለጋ" የሚል አባባል አለ። ዱላ የሚፈለገው ሕግ ሲጠፋ ነው። በገበያ መሐል በተያዘ ሌባ ላይ የሚወርደው ዱላ የሚመጣው ከክፋት ብቻ አይደለም። "ፖሊስ ወስዶ ይለቀዋል፣ ማንም አይጠይቀውም" ከሚል ተስፋ መቁረጥም ነው። ዱላው ደግሞ የሚያርፈው በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ቢሆንም ወገኖቹ ሁሉ ያመናል ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የስርቆት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

አበው "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። በዚህ መስመር ላይ ግን በቃል ያለ ሁሉ አይረሳም። ገንዘቡና ቀኑ ይረሳል፣ የአታላዩም መልክ ይረሳል፤ "እነሱ" የሚለው ቃል ግን ለልጅ ይተላለፋል። ጨፋ ሮቢት ያለች ባለሱቅ የተወሰደባት ሁለት ሺህ ብር ላይመለስ ይችላል። አቤቱታዋ ከተጻፈ ግን ቢያንስ የምትጠይቀው አንድ ያልታወቀ ወጣትን ነው። ካልተጻፈ የምትጠረጥረው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ሱቋ የሚገባውን ሰው ሁሉ ነው።